የወዳጄ ሥሮች

ጥር 20

አባቷን ለማትሰለች ልጄ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ አንዴ ለናፍቆት፣ አንዴ ለመልእክቱ፣ አንዴ ደግሞ በልማድ፣ ስህተት ፍለጋ። አንድም ስህተት አላገኘሁበትም፤ በዚህም ትንሽ ቅር ብሎኛል። በስልክ «እህ? ምን አልሽ?» እያልሁ ከምጮኽብሽ በደብዳቤ እንድንገናኝ መስማማትሽ ለጆሮዬም ለክብሬም ደግ ሆኗል።

ላነሣሽው ጥያቄ መልሴ ይኸው። አዎን፣ ውላችንን አልረሳሁም። በራሴ እጅ ጽፌው፣ አንቺም ፈርመሽበት፣ በመስኮቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፦ «ልጅ ለአባቷ የላከችው፣ ያለ አፈር በውሃ ብቻ የሚያድግ የቤት ውስጥ አትክልት አሥራ ስድስት ተክሎች አሉት። ግንቦት አንድ ቀን ልጅ ስትመጣ ከአሥራ ስድስቱ ቢያንስ አሥራ ሁለቱ በሕይወት ከተገኙ፣ አባት በቤቱ ይኖራል። ካልተገኙ፣ አባት ሻንጣውን አዘጋጅቶ ከልጁ ጋር ይሄዳል።» በአርባ አንድ ዓመት የማተሚያ ቤት አራሚነቴ ከዚህ የጠራ ውል በእጄ አላለፈም።

ያ የማንቆርቆሪያ ጉዳይ ግን ዳግመኛ አይነሣብኝ። ውሃው አልቆ ማንቆርቆሪያው ጠቆረ፣ የመጋረጃውም ጫፍ ተለበለበ፤ አለቀ። ሦስት ሳምንት ሳልነግርሽ በመቆየቴ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ቀድማኝ የነገረችሽ የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ግን ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ይልቁንም ደረጃው ላይ በተገናኘን ቁጥር «ጋሼ፣ ዛሬስ ምን አቃጠሉ?» ትለኛለች።

አትክልቱ ያስደንቃል! ነጮቹ ቧንቧዎች በመስኮቱ ሥር አራት ረድፍ ሠርተው ተሰልፈዋል። በየረድፉ አራት ቀዳዳ፣ በየቀዳዳው ታቹ የተበሳሳ ትንሽ ኩባያ፣ በኩባያው የኮኮነት ቃጫ፣ በቃጫው መካከል አንድ ተክል። ስምንት ሰላጣ፣ አራት በሶብላ፣ አራት እንጆሪ። ፓምፑ ውሃውን ከገንዳው ስቦ ሲያወጣው፣ ውሃውም ሥሮቹን እያጠበ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ፣ ማሽኖቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በማተሚያ ቤቱ ይሰማ የነበረውን የጠዋት ሹክሹክታ ያስታውሰኛል።

ውሃው ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ዝቃጭ ያወጣል ብለሽ ገንዳውን እንድሸፍን ባዘዝሽኝ መሠረት ሸፍኜዋለሁ። በምን እንደሸፈንሁት መጠየቅሽ አይቀርም፤ በጥሩ ነገር ነው። ሲያዩትም ያምራል።

ዐይኑን ከሥራ ያላስፈታሽው፣
አባትሽ


የካቲት 3

አባባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ሳይ እውላለሁ፤ ዐይኔን ባነሣሁ ቁጥር ግን የእርስዎ እንጆሪ ይመጣብኛል።

«በጥሩ ነገር ነው» ማለት መልስ አይደለም። ጥቁር ፕላስቲክ ነው? ጨርቅ ነው? እማዬ ያረፈች ሰሞን «ምሳ በሉ ወይ?» ስልዎት «ጥሩ ነገር በልቻለሁ» ይሉኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በብስኩት እንደኖሩ የሰማሁት በኋላ ነው። እና ይህ «ጥሩ ነገር» የሚባለው ቃል በእኔና በእርስዎ መካከል ስሙ ጠፍቷል፤ ይወቁት።

ስለ አትክልቱ ውበት የጻፉት ደስ ይላል፤ ግን ቅጠል ዘግይቶ ነው የሚናገረው። በሳምንት አንድ ቀን ኩባያውን ብድግ አድርገው ሥሩን ይዩ። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ጫፉ ላይ እንደ ጥጥ የሳሱ ጭረቶች አሉት። ያዩትን ይጻፉልኝ። ያዩትን ሁሉ።

ልጅዎ


የካቲት 14

ለብልኋ ልጄ፣

ዝምታዬ ስለረዘመ ይቅር በይኝ፤ በሥራ ተጠምጄ ነበር። የሥሮቹን ጉዳይ በሌላ ጊዜ በሰፊው እመለስበታለሁ። አሁን ግን ስለ አንድ ወዳጄ ላማክርሽ።

ይህ ወዳጄ እንደ አጋጣሚ የእኔን የመሰለ የውሃ አትክልት አለው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ በቤቱ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ጥቋቁር ዝንቦች ታይተዋል። እንደ ሌላው ዝንብ ሲጠጓቸው እልም ብለው አይጠፉም፤ በቧንቧው ላይ እንደ ዘገየ ሠራተኛ ሽር ሽር ይላሉ። ወዳጄ መጀመሪያ ንቋቸው ነበር። ነገር ግን ሰላጣዎቹ ጠዋት ቀጥ ብለው ቆመው እኩለ ቀን ላይ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እግራቸው ውሃ ውስጥ ሆኖ የተጠሙ ይመስላሉ። በአንዲት አዋቂ ሴት ምክር ኩባያውን ብድግ ቢያደርግ፣ ነጭ የነበረው ሥር የቆየ ወረቀት መስሎ ተገኘ፤ ቀጫጭኖቹም ጭረቶች ክፉኛ እንደተላጨ ጢም አጥረዋል።

ወዳጄ ኩሩ ሰው ስለሆነ ማንነቱን አልገልጽልሽም። በተለይ ልጆቹ እንዳይሰሙ አደራ ብሎኛል። ምን ያድርግ?

ስለ ሰው የሚጨነቀው፣
አባትሽ


የካቲት 21

አባባዬ፣

በመጀመሪያ ለክቡር ወዳጅዎ የከበረ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። እኔን ማማከራቸው አኩርቶኛል።

ጠላታቸው የሚበረው አይደለም። የሚበረው እናትየዋ ናት፤ እንቁላሏን እርጥብ ቃጫ ውስጥ ትጥላለች፤ ከዚያ የሚፈለፈለው እጭ ነው ቀጫጭኑን ሥር የሚግጠው። ሥሩ ሲያጥር ተክሉ ገንዳ ሙሉ ውሃ ላይ ተቀምጦ ይጠማል። ወዳጅዎ በደንብ ነው ያዩት፤ ዐይን አላቸው።

እርግጠኛ እንዲሆኑ ጥሬ ድንች በስሱ ይክተፉና አንዳንድ ቁራጭ በየኩባያው ቃጫ ላይ ያስተኙ። እጮቹ ድንች ይወዳሉ። በሁለተኛው ቀን ቁራጩን ገልብጠው ከታቹ ይዩ። አጉሊ መነጽር የላቸው እንደሆነ የእርስዎን ያውሷቸው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ የእርስዎ አሥራ ስድስቱ እንዴት ናቸው? ቁጥር ይጻፉልኝ፤ ቅጽል አልፈልግም። ሁለተኛ፣ ወዳጅዎ ዕድሜያቸው ስንት ነው? ብቻቸውን ነው የሚኖሩት?

ልጅዎ


የካቲት 29

ድንቹ! ልጄ፣ ድንቹ!

ሰላምታዬን ከድንቹ በኋላ አቀርባለሁ፤ ይቅርታሽን። ወዳጄ የመጀመሪያውን ቁራጭ በወረንጦ ይዞ ሲገለብጠው ምንም የለም። ሁለተኛውም ባዶ ነበር። ሦስተኛውን ገለበጠና መነጽሩን ሲያቀርብ፣ እነሆ! እንደ መስታወት ክር ጥርት ያሉ፣ አንጀታቸው ከውጭ የሚታይ፣ ራሳቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ያረፈባቸው ፍጥረታት ይተራመሳሉ። በአንዲት ቁራጭ አሥራ አንድ! ልቤ እንዴት እንደደለቀ ልነግርሽ አልችልም። የወዳጄ ልብ ማለቴ ነው።

በማተሚያ ቤት ሳለን ከመካከላችን አንዱ ሌላው ሁሉ ያለፈውን ከባድ ስህተት ሲያገኝ፣ በማስመሪያው ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ይመታ ነበር። ሁላችን ብዕራችንን ጥለን እንከበዋለን፤ ያን ቀን ንጉሥ እሱ ነው። ወዳጄም ይህን ወግ ያውቀዋልና ማስመሪያውን አንሥቶ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ደበደበው። ከታች ልብስ ሰፊዋ እየሮጠች መጣች፤ የወዳጄም ጎረቤት ልብስ ሰፊ ናት፣ ዓለም እንዴት ጠባብ ናት!

«ጋሼ፣ ወደቁ እንዴ?»

«አልወደቅሁም፤ እጭ አገኘሁ!»

«ኧረ እኔ ደግሞ መርፌውን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ነው የሮጥኩት። ለትል ነው ይሄ ሁሉ?»

ይሁን እንጂ መነጽሩን ከእጁ ነጥቃ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስትመለከት ቆየች። ስትሄድም «ግን እኮ ያምራሉ» አለች።

ወዳጄ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ብቻውን ይኖራል፤ ደግሞም ይችላል። የእኔን ተክሎች በሚመለከት፣ ቆጠራው በሂደት ላይ ነው።

የረሳሁት ሰላምታ ይኸውልሽ፦ እንደምን አለሽልኝ?

አባትሽ


መጋቢት 8

አባባዬ፣

ሳቄን ያየ የሥራ ባልደረባዬ «ምን ተጽፎልሽ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ትል» አልኩት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር እሽግ ልኬያለሁ። የወዳጅዎን አድራሻ ስለማላውቅ በእርስዎ አድራሻ ነው የላክሁት፤ እባክዎ ያድርሱልኝ። ቢጫዎቹ ካርዶች ሙጫ የተቀቡ ናቸው፤ ዝንቦቹ ቢጫ ይወዳሉና ተክሎቹ አጠገብ ይሰቀሉ፣ በየቀኑም ይቆጠሩ። በጠርሙሱ ያለው ዱቄት እጩን ብቻ የሚገድል ባክቴሪያ አለው፤ ሰውም ተክልም አይጎዳም። በገንዳው ውሃና በየኩባያው ቃጫ ላይ በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ሳምንት። ከዚያ በፊት የተጎዱትን ሥሮች ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ይጠቧቸው፤ ቡናማውን በመቀስ ይቁረጡ፤ አይዘኑለት። ነጭ ሥር ከተረፈ ተክሉ ይተርፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቁልኝ። ወዳጅዎ ልጆቻቸው ቢሰሙ ምን ይመጣል ብለው ነው የሚፈሩት? ይህን መልስ ከድንቹ ይልቅ እፈልገዋለሁ።

ልጅዎ


መጋቢት 17

ለምትናፍቂኝ ልጄ፣

እሽጉ ደረሰ፤ ወዳጄም እጅ ነሥቷል። ጥያቄሽንም አቅርቤለታለሁ። «ሻንጣ ነው የምፈራው» አለኝ። ይህን ቤት የሚያውቀው በዐይኑ ብቻ አይደለም። ሠላሳ ሁለቱን የደረጃ እርከኖች እግሩ ይቆጥራቸዋል፤ አሥራ ዘጠነኛው ትንሽ እንደሚያዘነብል ጉልበቱ ያውቃል። ሚስቱ ትቀመጥበት የነበረው መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚገባበት ነው። ልጁ ክፉ አይደለችም፤ ቤቷም ሰፊ ነው። ነገር ግን እዚያ ሲደርስ እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ ደግሞ ማንቆርቆሪያ አይነካም። እንዲህ አለኝ።

ይህን ትተን ወደ ምሥራቹ እንለፍ! ካርዱ በተሰቀለ በመጀመሪያው ቀን አርባ ሦስት ዝንብ ተያዘ። በማግሥቱ ሠላሳ አንድ። ከዚያ አሥራ ሁለት፣ ሰባት፣ ሁለት፤ ዛሬም ባዶ! ልጄ፣ አንዳች ነጥብ የሌለበት ቢጫ ገጽ ምን ያህል እንደሚያምር የሚያውቅ አራሚ ብቻ ነው። ሥሮቹ ታጥበዋል፣ ተቆርጠዋል። ከተቆረጡት ጫፎች ደግሞ እንደ ወተት የነጡ አዳዲስ ጭረቶች ወጥተዋል! ወዳጄ በቤቱ ውስጥ በእግሩ ጣቶች ቆሞ ሲዞር ብታዪው ሃምሳ ዓመት የቀነሰ ይመስልሻል።

የእኔዎቹም በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ።

አባትሽ


መጋቢት 28

አባባዬ፣

የላኩልኝ ባለ አምስት መሥመር ወረቀት ደረሰኝ። እርስዎ አምስት መሥመር ብቻ ሲጽፉ ነገሩ እንደከበደ አውቃለሁ።

ዝንቦቹ ተመለሱ ብለው ወዳጅዎ እጃቸውን እንዳይሰጡ። ዱቄቱ በቃጫው ውስጥ ያሉትን ከገደለ በኋላ ሌሎች ከመጡ፣ ከሌላ ቦታ ነው የሚራቡት ማለት ነው። ኩባያዎቹን ቢያጸዱ፣ ቢያጸዱ እነሱ ከዚያ እየመጡ እንቁላል ይጥላሉ። እርጥብ የሆነ፣ የሚሻግት፣ ለብ ያለ ቦታ ይኖራል። የት እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ማየት አልችልም፤ ማይክሮስኮፔ ያን ያህል አያይም።

ስህተት ማደን የማን ሥራ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ልጅ ሆኜ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ሰው ሁሉ ያለፈውን ያያል» ነበር የምለው።

ያድኑት፣ አባባ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 9

ልጄ!

ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ መትቻለሁ! ማስመሪያው ለሁለት ተሰበረ!

አራሚ ገጽን እንደ አንባቢ ከላይ ወደ ታች ካነበበ ታሪኩ ይዞት ይነጉዳል፤ ዐይኑም ያለውን ትቶ ሊኖር የሚገባውን ያያል። ስለዚህ የመጨረሻውን እርማት ከግርጌ ጀምረን፣ መሥመር በመሥመር፣ ወደ ላይ ነበር የምናነበው። ወዳጄ እስከ ዛሬ ውሃውን ከገንዳው እስከ ቅጠሉ እየተከተለ እንደ አንባቢ ሲመረምር ኖሯል። ደብዳቤሽ በደረሰ ማግሥት ግን ወንበሩን አምጥቶ በቢጫው ካርድ ፊት ተቀመጠ። ዝንብ ወዴት እንደሚሄድ መከታተሉን ተወና፣ ከየት እንደመጣ ብቻ መጻፍ ጀመረ። ሠላሳ ዝንብ፣ ሠላሳ መሥመር። ከሠላሳው ሃያ ስድስቱ የመጡት ከታች ነው። ከኩባያዎቹ አይደለም፤ ከገንዳው የውጭ ግድግዳ ነው!

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ወዳጄም እንደ እኔው አራሚ ነበር። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ከዐይኑ አምልጦ ታትሞ የወጣ ስህተት ባለ ቁጥር፣ ያችን ገጽ ቀድዶ ያስቀምጣት ነበር፤ እንዳይኮራ። ተገልብጦ የታተመ የከንቲባ ፎቶግራፍ፣ በሙሽሮች ማስታወቂያ ሥር የወጣ የሬሳ ሣጥን ሥዕል፣ ሁለት ጊዜ የመጣ ሐሙስ። ስድሳ ሦስት ገጽ። ገንዳውን ከብርሃን እንዲሸፍን ሲታዘዝ እነዚያን ገጾች አወጣና፣ ዱቄት በውሃ አማስሎ፣ ሙጫ ሠርቶ፣ ሦስት ድርብ አድርጎ ለጠፋቸው። ከስህተቶቹ ጋር እየተሳሳቀ ሊኖር ነበር ሐሳቡ። የፓምፑ መጋጠሚያ ግን በጠብታ ጠብታ ያፈስ ኖሯል። ወረቀቱ ራሰ፣ ሙጫው ሻገተ። ወዳጄ የአንዷን ገጽ ጥግ በጥፍሩ ላጥ ሲያደርግ፣ ከሥሯ ያ የመስታወት ክር ተግተለተለ፤ ሺህ ይሆናል! በተክሎቹ ሥር ሲፈልጋቸው የከረመው ነፍሳት በገዛ ገጾቹ ይቀለቡ ነበር!

ልብስ ሰፊዋ መጣች። «ጋሼ፣ አሁንስ ምን አገኙ?»

«ስህተቴን!»

«እሱን ለማግኘት ይህን ያህል ጩኸት?»

ስድሳ ሁለቱን ገጾች በዚያው ቀን ልጦ በፕላስቲክ ከረጢት አሥሮ ጣላቸው። አንዲቱ ቀረች። ያቺ ገጽ የተመራቂ ተማሪዎች ስም ዝርዝር በሙታን ማስታወቂያ አምድ ሥር የወጣባት ናት። በማግሥቱ አንዲት ወጣት ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጥታ በጠረጴዛው ላይ ጋዜጣውን ዘርግታ «የገደለኝ ማነው?» ብላ ነበር። ወዳጄ ብድግ ብሎ «እኔ ነኝ» አለ። ከዓመት በኋላ አገባት።

ያችን ገጽ ለመላጥ ወዳጄ ሰባት ቀን አመነታ። በስምንተኛው ቀን ላጣት። እጁ ላይ ተበታተነች።

ከዚህ በላይ ስለ ወዳጄ መጻፍ አልቻልሁም።

አባትሽ


ሚያዝያ 20

ለልጄ፣

መጽሐፍ ከታተመ በኋላ ስህተት ሲገኝበት ትንሽ ወረቀት ታትማ በውስጡ እንደምትገባ ታውቂያለሽ። በአርባ አንድ ዓመት ብዙ አዘጋጅቻለሁ፤ ሁሉም ግን የሌሎችን ስህተት የሚያርሙ ነበሩ። ይህችኛይቱን ከደብዳቤዎቼ ጋር አያይዢያት።

በጥር 20 ደብዳቤ፣ «በጥሩ ነገር ነው» የሚለው «በዱቄት ሙጫ በለጠፍኋቸው አሮጌ ገጾች ነው» ተብሎ ይነበብ።

በየካቲት 14 ደብዳቤ፣ እንዲሁም ከዚያ ወዲህ በተገኘበት ስፍራ ሁሉ፣ «ወዳጄ» የሚለው «እኔ» ተብሎ ይነበብ።

በየካቲት 29 ደብዳቤ፣ «ቆጠራው በሂደት ላይ ነው» የሚለው «አሥራ ሦስት ቀርተዋል» ተብሎ ይነበብ።

በመጋቢት 17 ደብዳቤ፣ «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ» የሚለው «አሥራ ሁለት ናቸው፤ ጠርዝ ላይ ነኝ» ተብሎ ይነበብ።

በሚያዝያ 9 ደብዳቤ፣ «ሰባት ቀን አመነታ» ከሚለው ቀጥሎ የሚከተለው ተዘልሏልና ይጨመር፦ «በእነዚያ ሰባት ቀናት ከእናትሽ ገጽ የተነሡት ዝንቦች ሦስት ሰላጣ ገደሉ።»

እንግዲህ ዛሬ ያሉት ዘጠኝ ናቸው። ዘጠኙ ጤነኞች ናቸው፤ ሥራቸው ነጭ ነው፤ ከእንጆሪዎቹም አንዱ ፍሬ ይዟል። ሆኖም ዘጠኝ አሥራ ሁለት አይደለም፤ ውሉንም የጻፍሁት ራሴ ነኝ። ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ አቧራውን ጠርጌለታለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፦ ዘጠኙን ይዤ መምጣት ይፈቀድልኝ።

የተሳሳተው
አባትሽ


ሚያዝያ 25

አባባዬ፣

ሻንጣውን ወደነበረበት ይመልሱት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያያያዝኳትን የመስታወት ቁራጭ ከመጠቅለያዋ ያውጡና በአጉሊ መነጽሩ ይዩ። ዝንብ ናት። በየካቲት 14ቱ ደብዳቤዎ ፖስታ ክዳን ላይ ተጣብቃ መጣች። «ወዳጄ» የሚለውን ቃል ከማንበቤ በፊት በማይክሮስኮፕ አይቻታለሁ። ስለዚህ የእርማት ወረቀትዎ ሁለተኛ መሥመር ለእኔ አዲስ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጠበቅሁት ቁጥሩን አልነበረም፤ «እኔ ነኝ» እስኪሉኝ ነው። ያ ማንቆርቆሪያም ስላረረ አይደለም እንቅልፍ የነሣኝ። ሦስት ሳምንት ስለደበቁኝ ነው። ቀጥሎ የሚደብቁኝ ምን ይሆን እያልኩ ነው የከረምሁት።

እኔም የማርመው አለኝ። ዝንቧን ፖስታው ላይ ያጣበቃት የእርስዎ የዱቄት ሙጫ ነበር። እኔ ክንፏን ቆጠርኩ፣ እግሯን ቆጠርኩ፣ ከሥሯ ያለውን ሻጋታ ሙጫ ግን በጥጥ ጠርጌ ጣልሁት። ምንጩ የካቲት ውስጥ በእጄ ነበር። ያን ጊዜ አይቼው ቢሆን ኖሮ አሥራ ሦስት ተክል ይኖርዎት ነበር። ስለዚህ ይህ በውሉ ላይ ይለጠፍ፦

«ከአሥራ ስድስቱ ቢያንስ አሥራ ሁለቱ በሕይወት ከተገኙ» የሚለው «አባት የሆነውን ነገር በሆነበት ቀን ለልጁ ከነገረ» ተብሎ ይነበብ።

ግንቦት አንድ እመጣለሁ፤ ቆጣሪ ሆኜ ሳይሆን እንጆሪ በል ሆኜ። ሌላም ነገር ይዤ እመጣለሁ። እማዬ የሞተችበትን ጋዜጣ እሷም አስቀምጣው ነበር፤ መጀመሪያ የሞተችበትን ማለቴ ነው። ከዕቃዎቿ መካከል፣ አራት ላይ ታጥፎ፣ በስሟ አጠገብ በእርሳስ «ውሸት» ተብሎ ተጽፎበት አገኘሁት። ደረቅ ነው። አንዲት ቀዳዳ የለበትም።

ልጅዎ


ግንቦት 11

ለልጄ፣ በጥድፊያ!

ከሄድሽ ስድስት ቀንሽ ነው፤ ቤቱ ገና ሳቅሽን አልጨረሰም። የእናትሽ ገጽ በመስታወት ተከድና ከመስኮቷ ትይዩ ተሰቅላለች፤ ከማናቸውም ውሃ አምስት እርምጃ ትርቃለች፤ ራሴ ለክቼዋለሁ። ገንዳው አንቺ ባለበስሽው ጥቁር ፕላስቲክ ሐዘንተኛ ቢመስልም ደረቅ ነው። መጋጠሚያውም አያፈስም። ልብስ ሰፊዋ ሁለተኛዋን እንጆሪ በዐይኗ እየበላቻት ነው፤ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ለጎረቤት የተባለች ናት» ትላለች።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ዛሬ፣ ግንቦት 11፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሁለተኛው ረድፍ ሦስተኛው ኩባያ ጠርዝ ላይ አንዲት ጥቁር ዝንብ አየሁ። አንዲት ናት። ሽር ሽር ትል ነበር። ያየኋት እኔ ነኝ። ማንም ወዳጅ የለበትም።

ድንች ከትፌ በዘጠኙም ላይ አስተኝቻለሁ። ከነገ ወዲያ በዘጠኝ ሰዓት ከሩብ እገለብጣቸዋለሁ፤ የተገኘውን፣ ባዶም ቢሆን፣ በዚያው ቀን እጽፍልሻለሁ። ልቤ እንደዚያ ቀን እየደለቀ ነው! አዲስ ማስመሪያ ገዝቻለሁ፤ የብረት ነው።

ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልድረስ። በደረጃው ላይ አልሮጥም፤ አሥራ ዘጠነኛውን እርከን አስታውሳለሁ። ፖስታውንም በዱቄት ሙጫ ሳይሆን በምላሴ አርጥቤ ነው የዘጋሁት።

አባትሽ